አውራጅ ያጣ ዘፈን

እናቴ ጤፍ ሲታረም ዘፈን አውራጅ ነበረች፤ ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ፣ ደግሞ ተቀባይ ነበሩ። ጽጽቃ በምትባል ገጠር ያደጉት ሁለቱ እህትማማቾች በአፍ መፍቻቸው በኽምጥኛ ሲቀባበሉት የኖሩትን ያን ዘፈን፣ እናቴ በሕይወት ሳለች አልቀዳሁትም። የሙዚቃ መምህር ተብዬ! ይህን ሳስብ አፍራለሁ።

እናቴ ካረፈች በኋላ አክስቴን ሰቆጣ እኔ ቤት አመጣኋቸው። ስልኬን ደቅኜ «የእናቴን ይዝፈኑልኝ» ብላቸው «የታላቄን ቦታ አልይዝም» ብለው እምቢ አሉ። ብለምን ብለምን፣ በከንፈራቸው ጥቂት አንጎራጉረው ዝም ይላሉ። ስልኬ የቀዳው የጎረቤት ዶሮ ጩኸት ብቻ ሆነ። ስለዚህ ያንጎራጎሩትን ቁራጭ በቁራጭ በኖታ ልጽፈውና፣ ኮምፒውተሩ ሲያጫውተው እሳቸው ሰምተው እንዲያርሙኝ አሰብኩ።

ኮምፒውተሬ ግን አሮጌ ነው። ቫይረስ ሲያስቸግረኝ ኮምፒውተር ጠጋኙ የቀድሞውን ሲስተም አጥፍቶ ሊኑክስ የሚባል ጭኖልኝ ነበርና፣ ወዳጆቼ የሚልኩልኝ የኖታ መጻፊያ ሁሉ አልከፈት አለኝ። አንዱንማ ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ ሁለት ቀን ሙሉ ካወረድኩት በኋላ ነው እምቢ ያለኝ። እንደ ልማዴ ኮምፒውተሩንም የሠራውንም ሰው ረገምኩ። በመጨረሻ የኮምፒውተሩን የራሱን የፕሮግራም ዝርዝር ከፍቼ ብፈልግ፣ በነጻ የሚጫን ጎበዝ የኖታ መጻፊያ እዚያው ቁጭ ብሏል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኼው ነው።

ሳምንት ሙሉ ከአክስቴ አጠገብ ተቀምጬ ጻፍኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእናቴን ድርሻ ጨርሼ በዋሽንት ድምፅ አስጫወትኩላቸው። አክስቴ ምስር መልቀማቸውን አቆሙ።

«ልክ ነው?» አልኳቸው።

«ልክስ ልክ ነው። እህቴ ግን እንዲህ አትጣደፍም ነበር። ጎንበስ ብላ ነቅላ፣ ቀና ስትል ነው የምታወርደው።»

ፍጥነቱን ቀነስኩት።

«ገና ነው» አሉ።

አሁንም ቀነስኩት። ያኔ እናቴ መጣች። የመጀመሪያው ስንኝ ሲያልቅ አክስቴ ሳልጠይቃቸው ተቀበሉ፤ ከፍ ባለ፣ ሰምቼው በማላውቀው የወጣት ድምፅ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ እጄን መስደድ አልቻልኩም። እያለቀስኩ ሰማሁ።

ሲያልቅ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«እኔም ስሄድ የእኔን ድርሻ ለዚህ ማሽን እንዳትሰጠው» አሉኝ። «አውራጁ እሱ ቢሆን ግድ የለም፤ ተቀባይ ግን ሰው ነው። በል ድገመውና አንተ ተቀበል።»

ኽምጥኛዬ የተሰባበረ ነው። ደገምኩትና ተቀበልኩ። ቃሉ ሲጠፋኝ፣ አክስቴ ዝቅ ባለ ድምፅ ያቀብሉኝ ነበር።