የክንፋሟ ስውር ስም

እኅቴ ከአልጋዋ ተነሥታ በሩ ላይ እስክትደርስ ሁለት ጊዜ ታርፍ ነበር። በልቧ ውስጥ ያለው መዝጊያ በደንብ አይገጥምም፣ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል ብሎ ሐኪሙ ነግሮናል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

እኔ ወረታ ከተማ አስተምራለሁ። የወላጆቻችን ቤት ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ፣ አባታችን ከሚቀድሱበት ደብር አጠገብ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እሄድና እሑድ እመለሳለሁ። ብርቱካንም መጽሐፍም ወስጄላት ሲሰለቻት አንድ ቀን ጨዋታ ይዤላት ሄድሁ። ባሕር ዳር ስማር የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ሲጫወቱት አይቼ የለመድሁት ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ የሚችለውንና የማይችለውን ወረቀት ላይ ያሰፍራል፤ ከዚያ እየተነጋገሩ ታሪኩን አብረው ይፈጥሩታል። ክፉ ነገር ሲገጥም ማምለጥ አለማምለጡን ዳይስ፣ ባለ ስድስት ገጹ ጠጠር፣ ተወርውሮ ይወስናል። የጓደኞቼ ጨዋታ በማናውቃቸው ፍጥረታት የተሞላ ስለነበር የራሳችንን ልሥራ አልሁ። መራመድ ላቃታት ልጅ የሚበር ነገር ይሻላል ብዬ ክንፋሞችን ፈጠርሁላት፤ ቁመታቸው ከሩዝ ዛላ የማይበልጥ፣ በሜዳችን የሚኖሩ ትንንሽ ሰዎች።

የመጀመሪያዋ ክንፋሜ የማትችለው ነገር አልነበረም። ጎርፍ ትመልሳለች፣ የታመመ ትፈውሳለች፣ የጠፋ ከብት ታገኛለች። እኅቴ ወረቀቱን አንብባ ሳቀችብኝ።

«ወንድምዓለም፣ ሁሉን ከቻለች እኔ ምን ልጫወት ነው?»

ተናደድሁ። ሳምንት ሙሉ የለፋሁበት ነው። ግን እውነቷን ነበርና አፍርሼ እንደገና ጀመርሁ። በሩዝ ውስጥ የምትኖረው ክንፋም ውሃን በአንድ ክንድ ርቀት ብቻ ወደ ኋላ እንድትመልስ አደረግሁ። የሐይቁ ዳር ክንፋም ደንገል ውስጥ መሰወር ትችላለች፤ ከደንገሉ ከወጣች ግን ማንም ያያታል። የፍል ውሃዋ ቁስል ታድናለች፤ እንፋሎቱ ክንፏን ስለሚያረጥበው ያን ቀን አትበርም። የአስማታቸውን ዋጋ ያወጣችው እኅቴ ናት። እያንዳንዷ ክንፋም ስድስት ትንፋሽ ይኑራት፣ አስማት በሠራች ቁጥር አንድ ይቀነስባት አለች። ትንፋሽ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ስድስቱ ሲያልቁስ? ይህን ደንብ እኔ ጻፍሁት። ትንፋሿ ያለቀባት ክንፋም ትወድቃለች። ስውር ስሟን የሚያውቅ አንድ ጓደኛ ካላት ግን ስሟን ይጠራል፤ ሁሉም ዝም ብለው ይጠብቃሉ፤ እሷም በአንድ ትንፋሽ ትነሣለች። ስሙን ሌላ ሰው እንዳያየው የተጻፈበት ወረቀት ተደብቆ ይቀመጣል። በዚህ ደንብ እንደኮራሁ በሌላ በምንም ኮርቼ አላውቅም።

እኅቴ የሩዟን ክንፋም መረጠች። ስውር ስሟን ስጠይቃት የራሷን የክርስትና ስም አለችኝ። በእኛ ዘንድ የክርስትና ስም ለቄስና ለቤተሰብ እንጂ ለሌላ አይነገርም፤ ክፉ የሚያስብ ሰው እሱን ይዞ መተት ያሠራል ይባላል። ይህን እያወቅሁ ጻፍሁት። ያውም በልጅነቴ የቤተ ክህነት ጽሕፈት ስለተማርሁ፣ ያምር ብዬ በቀይና በጥቁር ቀለም፣ ቁጥሩን በግእዝ አኃዝ፣ ክንፎቹን ከስሙ በላይ ግራና ቀኝ ዘርግቼ። እሷም ደንቡ እንደሚለው ወረቀቱን ከፍራሿ ሥር ደበቀችው።

እናቴ ፍራሹን ፀሐይ ልታስመታ ስታነሣ አገኘችው። ማንበብ አትችልምና ለአባቴ ሰጠቻቸው።

በማግሥቱ ስልክ ደወለችልኝ። ልጄ ላይ መተት ተሠርቶባታል፣ ስሟን ጽፈው ከምትተኛበት ቀብረውባታል፣ አባትህ ለሰባት ቀን ወንዛዬ ፍል ውሃ ሊወስዷት ነው አለችኝ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። የቄስ ልጅ ሆኖ መንፈስ ፈጥሮ ይጫወታል እንዳልባል ፈራሁ። ፍል ውሃ ምን ይጎዳታል አልሁ ለራሴ። ባሕር ዳር ያለው የልብ ሐኪም ቀጠሮ ግን በዚያው ሳምንት ሐሙስ ነበር፤ አምስት ወር የጠበቅነው ቀጠሮ። ስልኩን ዘጋሁ። እኅቴም ስትጠየቅ አላውቅም ብላለች። እኔ እስክናገር እየጠበቀችኝ ነበር።

ሐሙስ ክፍል ውስጥ ቆሜ አስተማርሁ። ቅዳሜ ወንዛዬ ሄድሁ።

አባቴ ከውሃው ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እኅቴ ጥላ ሥር ተኝታለች። ከፊታቸው ተንበርክኬ ወረቀቱ የኔ ነው፣ ጨዋታ ነው አልሁና ሁሉንም ዘረዘርሁ። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ወረቀቱን ከደረታቸው አወጡት።

«ጽሕፈቱን ያስተማርሁህ እኔ ነኝ» አሉ። «የማን እጅ እንደሆነ ገና እንዳየሁት አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ አባ፣ ለምን አልጠየቁኝም?»

«አዎ ብትለኝስ?»

አባቴ ልጃቸው በገዛ እኅቱ ላይ መተት ሠራ ብለው አምነው፣ ያንን ለማንም ሳይተነፍሱ፣ ለእናቴም ሳይነግሩ ተሸክመውት ሰንብተዋል። ለሠራሁት ጨዋታ አላዝንም፤ ስለዚያች አንዲት ሳምንት ግን ዛሬም ሰውነቴ ይሸማቀቃል።

ሐሙስ አልፎ ነበር። ሌላ ቀጠሮ ስንለምን ከክረምት በኋላ ኑ ተባልን።

ከወንዛዬ እንደተመለስን አባቴ እኅቴን ጨዋታውን እንድታስረዳቸው ጠየቋት። አልጋዋ ጫፍ ተቀምጠው የትንፋሹን ነገር፣ የውሃውን ነገር፣ የስውር ስሙን ነገር አንድ በአንድ አዳመጡ። በመጨረሻ ስሙን ከወረቀት አውጡት፣ በአፍ ይያዝ አሉ። ስሙን በምላጭ ፋቅሁት። ማን ይያዝልሽ ስላት ወደኔ ጠቆመች። ክረምቱን ሁሉ እየሄድሁ ተጫወትን። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲተኛ፣ በጨዋታችን ክንፋሟ ውሃውን በአንድ ክንድ፣ በአንድ ክንድ ስትመልስ ሁለት ጊዜ ወድቃ ሁለት ጊዜ ጠራኋት። ስሟን ስጠራ እኅቴ ዓይኗን ጨፍና ትቆይና ቀስ ብላ ትገልጠዋለች። ይህን ማንም አላዘዛትም፤ ራሷ የጨመረችው ነው።

በነሐሴ፣ እሑድ ጧት አረፈች። ሐኪሙ ኋላ ላይ፣ በጊዜው ብትደርስም ላትድን ትችል ነበር አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ አላመንሁትም።

አስከሬኗን የተሸከሙት ሰዎች እስከ ጉልበታቸው በውሃ እየተራመዱ ቤተ ክርስቲያን አደረሷት። ፍትሐት ላይ ከሌላ ደብር የመጡት ቄስ ጸሎቱን ገታ አድርገው የክርስትና ስሟን ጠየቁ። ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ። በስንቱ ፍትሐት ላይ የስንቱን ስም የጠሩ ሰው፣ አፋቸው ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣቸውም። ቀና ብለው አዩኝ።

ስሟን ጠራሁ። ሰው ሁሉ ዝም አለ። ቄሱ ስሟን ተቀብለው ጸሎታቸውን ቀጠሉ፤ እኔ ግን ደንቡን የጻፍሁት ራሴ ነኝና፣ ዓይኔን ከተገነዘችበት ነጠላ ላይ ሳልነቅል ጠበቅሁ።