ላስቲክ የለበጥኳት ላፕቶፕ

አቃቂ ያለው የላፕቶፕ ሱቅ ሥራ የጀመርኩ ቀን ባለቤቱ ጋሽ መኮንን አንድ ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ይህን ምን ትይዋለሽ?» አሉኝ። ከቴክኒክና ሙያ ከወጣሁ ገና ሁለት ወር ቢሆነኝ ነው፤ ሁሉን የማውቅ ይመስለኛል። ክዳኑን ብድግ አድርጌ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ የስክሪኑን ስፋት እንደ ዳዊት ደገምኩላቸው።

«ማን ክፈቺው አለሽ?» አሉ። «ገልብጪው።»

ገለበጥኩት። የሁለት ብሎኖች ራስ ተፍቋል። አንዱ የጎማ እግር የለም። ሙቀት የሚወጣበት ስንጥቅ በአቧራ ተደፍኗል። አንዱ ከፍቶት፣ ታግሎት፣ እንደነገሩ ዘግቶታል ማለት ነው።

«ፊቱማ ተኩሎ ነው የሚመጣው» አሉ ጋሽ መኮንን። «እውነቱ ከሆዱ ነው።» የድሮ የባቡር ኤሌክትሪሺያን ናቸው፤ አንድ ነገር ሁለቴ መናገር አይወዱም። በዚያው ቀን ካቻቢቴ፣ ብሩሽና ምላጭ አስረከቡኝና ሥራ ጀመርኩ።

ይኸው አሥራ ሦስት ዓመት ሆነኝ። የሚመጡብኝ ተማሪዎች፣ የቃሊቲ ሹፌሮች፣ የቂሊንጦ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ሁሉም የያዛት ገንዘብ ልክ አላት። በዚያች ገንዘብ ከሁለት አንዱን ይገዛል፦ ወይ የውጭ አገር ቢሮ ተጠቅሞበት የመጣ ጠንካራ ላፕቶፕ፣ ወይ ካርቶኗ ያልተከፈተ፣ ኔትቡክ የሚሏት ትንሽ ላፕቶፕ። እኔ ሁሌ ያገለገለውን እመክራለሁ። ሰው ግን ካርቶን ይወዳል፤ ምን ታደርጊዋለሽ!

ደግሞ ላስቲክ አለ። እኛ ሶፋውንም፣ ሪሞቱንም ከነላስቲኩ የምናኖር ሰዎች ነን። ስለዚህ ለገዛ ሰው ላፕቶፑን በስስ ላስቲክ በነፃ እንለብጥለታለን። አሠራሩ ቀላል ነው። አቧራውን ትጠርጊያለሽ፣ ላስቲኩን ታነጥፊያለሽ፣ አየሩን በመታወቂያ ካርድ ገፍተሽ ታስወጫለሽ። በመጨረሻ ሙቀት የሚወጣባቸው ስንጥቆች ላይ ላስቲኩን በምላጭ ትቀድጃለሽ። ይህቺ የመጨረሻዋ ናት ዋናዋ።

ወይዘሮ ዘነበች የመጡት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቂሊንጦ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሚሠሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ አፋቸው ስለት የሆነ ሴት ናቸው። ልጃቸው ሜሮን ከተመረቀች አንድ ዓመት አልፏታል፤ ሥራ የለም። አሁን ከቤት ሆኖ የሚሠራ ሥራ አግኝታ ለፈተና ተጠርታለች። ፈተናው በኢንተርኔት ነው፣ ካሜራ በርቶ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። መሐል ላይ ከተቋረጠ በቃ፣ ወደቀች ማለት ነው።

«እናቴ፣ ያገለገለውን ይውሰዱላት» አልኳቸው። «ገና ብዙ ያገለግላል።»

«ሰው የጠገበውን ለልጄ? ወግጂ!»

«ትንሿ ላፕቶፕ ማራገቢያ እንኳ የላትም። ቶሎ ትሞቃለች።»

«ስሚ፣ ይህ የዕቁብ ብር ነው። ሁለተኛ አይደርሰኝም። አዲስ ነው የምገዛው!»

አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከርን። ሌሎች ደንበኞች ጠብቀው ጠብቀው ሄዱብኝ። ደሜ ፈላ። በመጨረሻ ትንሿን ገዙ፤ «ከሥርም ለብጪልኝ፣ እንዳትጫር» አሉኝ። ለበጥኩ። ምላጩን ሳነሳ እጄን ያዙኝ።

«ምላጭ ደግሞ ምን ያደርጋል? ገና ከካርቶን መውጣቷ ነው፣ ልትጭሪብኝ ነው?»

መተንፈሻዋን እንደምከፍት ማስረዳት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው። እኔ ግን «እንደፈለጉ!» ብዬ ምላጩን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሱቁን ከፍቼ ገና ሳልቀመጥ አንድ ባጃጅ በር ላይ ቆመ። ወይዘሮ ዘነበች የፋብሪካ ጋውናቸውን እንደለበሱ ወረዱ፤ ከኋላቸው ሜሮን ላፕቶፗን እንደ ሕፃን ታቅፋ።

«እየጠፋች ነው!» አሉ ወይዘሮ ዘነበች። «ዛሬ ብቻ ሁለቴ ጠፋችባት! ፈተናው አራት ሰዓት ነው!»

«ሌላ ማሽን ልስጣት፣ እዚሁ ትፈተን» አልኩ።

ሜሮን ራሷን ነቀነቀች። ድምፅዋ እምብዛም አይሰማም። «አይሆንም። ፕሮግራሙ የሚቀበለው የተመዘገብኩበትን ማሽን ብቻ ነው። በዚችው ነው የተመዘገብኩት።»

ቻርጀሩ ይሆናል ብዬ ለወጥኩት። አበራሁ። ሁላችንም ስክሪኑ ላይ አፈጠጥን። አሥር ደቂቃ። አሥራ ሁለት ደቂቃ። ድርግም! ጠፋች።

«አዲስ ናት ብለሽ ነው የሸጥሽልኝ!» ብለው ጮሁብኝ።

«ነግሬዎት አልነበር? ያገለገለውን ይውሰዱ አላልኩም?» ብዬ እኔም ጮህኩ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ጋሽ መኮንን ዓይናቸው ደክሞ፣ ሥራውን ለእኔ ትተው፣ በሩ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ቀና ሳይሉ «ሰናይት፣ ገልብጠሻታል?» አሉኝ።

ገለበጥኳት። ላስቲኩ ልሙጥ ነው። አንዲት የአየር አረፋ የለበትም፣ አንዲት ቀዳዳም የለበትም። ከሥሩ ያሉት ስንጥቆች አንድ ሳይቀሩ ታፍነዋል። ስነካው እጄን ለበለበኝ። ክው አልኩ። የገዛ እጄ ሥራ ነው።

ጋሽ መኮንን ፊቴን አይተው ገባቸው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» አሉ። ከሁለታችን በቀር የገባው ሰው የለም። «ፋብሪካው ነው» ብል ማን ያውቅብኛል? ይህን አስቤያለሁ፣ አልዋሽም።

ላስቲኩን ቦጭቄ ጣልኩት። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቀርቷል። ወይዘሮ ዘነበች «ጎረቤት ለስላሳ የሚሸጠው ፍሪጅ አለው፣ እዚያ እንክተታት?» ሲሉ ጋሽ መኮንን ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «በስመ አብ! ውስጧ ውሃ ይቋጥራል!»

የብረቱን ጠረጴዛ አስለቅቄ አራት የለስላሳ ቆርኪ በአራቱ ማዕዘን ሥር አደረግኩላት፣ ከሥሯ አየር እንዲገባ። የሱቁን ማራገቢያ አዞርኩባት። ስክሪኗን አደበዘዝኩ፣ ከፈተናው በቀር ያለውን ሁሉ ዘጋሁ። አምስት ለአራት ሲሆን አበራናት። ሜሮን ተቀመጠች። ፈተናው ሌላ ሰው በክፍሉ እንዲኖር ስለማይፈቅድ የሱቁን መዝጊያ አውርደን ሦስታችንም መንገድ ላይ ቆምን።

ጎረቤት ያለው ብረት ሠሪ መቁረጫውን ሲያስነሳ ጋሽ መኮንን ከዘራቸውን ይዘው ሄዱ። ምን እንዳሉት አላውቅም፣ ድምፁ ቆመ።

ወይዘሮ ዘነበች የፋብሪካው ሰርቪስ አምልጧቸዋል፣ የጠዋት ፈረቃቸው ቀርቷል። ፀሐዩ አናታቸው ላይ ነው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያሉ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«እናቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ላስቲኩን መቅደድ ነበረብኝ። ያፈንኳት እኔ ነኝ።»

አዩኝ። «አውቀሽ ነው?»

«አይደለም። ግን ማስረዳት ስችል ተውኩት። ተናድጄብዎት ነበር።»

ፊታቸውን ወደ መዝጊያው አዞሩ። ቢሰድቡኝ በስንት ጣዕሙ!

ፈተናው የፈጀው ሁለት ሰዓት አንድ ዓመት ሆነብኝ። መዝጊያው ከውስጥ ሲንኳኳ ቀድሜ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሜሮን በላብ ተጠምቃለች። «አልጠፋችም» አለች። «እስከ መጨረሻው ጨረስኩ።» እናትየዋ ልጃቸውን አቅፈው አለቀሱ፣ ላፕቶፗን አስታቅፈው ይዘዋት ሄዱ። እኔን ደህና ዋይ አላሉኝም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወይዘሮ ዘነበች ብቻቸውን መጡ። ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ውጤቱን ለመጠየቅ ፈራሁ።

«ወደቀች» አሉ ራሳቸው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከፈተናው በፊት ያን ሁሉ ድንጋጤ ያመጣሁባት እኔ ነኝ። ባትደነግጥ ታልፍ ነበር? እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«እኔም አላውቅም» አሉ። «እሷ ግን ጥያቄው ከበደኝ ነው ያለችው። ከሦስት ወር በኋላ ደግማ ትፈተናለች።» ከዚያ ላፕቶፗን ራሳቸው ገለበጧት፣ ሆዷን ወደኔ አድርገው ገፏት። «ለብጪልኝ። ቀዳዳውን ግን እኔ እያየሁ ነው የምትቀድጂው።»

መሳቢያውን ከፍቼ ምላጩን አወጣሁ። እያንዳንዱን ስንጥቅ ምን እንደሚሠራ እየነገርኳቸው ቀደድኩ። እሳቸውም በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ ልጆች፦ ዕቃውን ከመሸጣችሁ በፊት ገልብጡት፣ ከለበጣችሁትም በኋላ ገልብጡት። ደንበኛ ቢያናድዳችሁ ምላጩን አስቀምጡና ደጅ ቆማችሁ ተመለሱ። ሥራውን ከዚያ በኋላ ጨርሱት።