ለሻደይ ትምጣልኝ

ክረምት በገባ ቁጥር የሚያቅበዘብዘኝ ነገር ዛሬም አልለቀቀኝም። ዝናቡ ጠንከር ሲል ከጓዳ ወደ በር፣ ከበር ወደ ጓዳ እላለሁ። ልጆቼ «ምን ጠፋብሽ?» ይሉኛል። የጠፋብኝ ነገር የለም። እግሬ ነው የለመደው።

ነገሩ በንጉሡ ዘመን ነው። እናቴ ከአባቴ ከተፋታች በኋላ ቆላ ወርዳ፣ አበርገሌ፣ ኒሯቅ አጠገብ ሌላ ባል አገባች። እኔ ሰቆጣ ከአያቴ ዘንድ አደግሁ፤ ጥቂት ፊደል ቆጠርሁ፤ ተዳርሁ። የመጀመሪያ ልጄን በወለድሁ በጥቂት ወር እናቴም፣ መውለዷ አበቃ ሲባል፣ ሴት ልጅ ወለደች። ወዲያው ትኩሳት ያዛት። ባሏ እሷን በቃሬዛ አሸክሞ፣ ጨቅላዋን በጋቢው አቅፎ፣ ዳገቱን ወጥቶ እኔ ቤት ደረሰ። እናቴ ብዙ አልቆየችም።

ጨቅላዋ ስታለቅስ ማንንም ሳልጠይቅ ጡቴን ሰጠኋት። ልጄን በቀኝ፣ እሷን በግራ። አማቴ አልወደዱትም። «የልጄን ልጅ ሲሳይ ለቆላ ሰው ታካፍያለሽ?» ይሉኝ ነበር። እንዲህ እያሉም አጥሚቱን ወፈር አድርገው ያመጡልኛል።

እህቴ ጡት ጥላ መሮጥ ስትጀምር አባቷ ሌላ ሚስት አግብቶ ነበርና መጥቶ ወሰዳት። ልጁ ናት፤ ምን እላለሁ? በዓመቱ ስንቅ ቋጥሬ ወርጄ አየኋት። ስመለስ ግን ቀሚሴን ይዛ አልለቅ አለች። በኋላ እንደ ሰማሁት፣ ከሄድሁ ወዲያ እህል አልቀምስ ብላ፣ ገላዋ እንደ እሳት ነዶ ነበር። በተከታዩ ዓመት ስወርድ የእንጀራ አባቴ ከአጥሩ ውጭ ጠበቀኝ።

«ተመለሽ» አለኝ።

«አባባ፣ አይቻት ብቻ እሄዳለሁ። ከሩቅም ይሁን።»

«አንቺ አይተሻት ትሄጃለሽ፤ ለቅሶው ለእኔ ይቀራል። ያን ጊዜ ልትሞትብኝ ነበር።»

«እህቷ እኮ ነኝ!»

«በእናት ነሽ። እናቷ ደግሞ አፈር ገብታለች።»

ዳገቱን ስወጣ የበለጠ ያናደደኝ ካለኝ ነገር ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ልጅቷ የታመመችው እኔ መጥቼ በመሄዴ ነው። ብሄድ አሳምማታለሁ፤ ብቀር ትረሳኛለች። ጨው ነጋዴዎች በዚያ በኩል ሲመጡ ገበያ ወጥቼ እጠይቅ ጀመር። አንድ ሽማግሌ እስላም ነጋዴ «ውኃ ስትቀዳ አየኋት፤ ደኅና ናት። በአማርኛ ብጠራት በአገውኛ መለሰችልኝ» አሉኝ። ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅሁም። ያን ቀን ወጡ አረረብኝ።

ወረዳ ፍርድ ቤት ሄድሁ። ዳኛው ሰምተውኝ ሲያበቁ «ልጅ ከአባቷ ጋር ናት። ምን ተበደለች? በሽማግሌ ጨርሱ» ብለው መለሱኝ። ባሌ ሽማግሌ ላከና የእንጀራ አባቴ ለገበያ የወጣ ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ከወይራው ሥር ተቀመጥን። እኔ እህትነቴን ተናገርሁ። እሱ የልጁን ሕመም ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እህት አባትን አታስገድድም» አሉ። ለወጉ ያህል ደግመን እንድንቀርብ ቀጠሩን እንጂ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ቤት ስገባ አማቴ ገብስ ያበጥራሉ።

«ምን ብለሽ ነው የተናገርሽው?»

«እህቷ ነኝ ብዬ።»

ሰፌዱን አስቀመጡት። «አንቺ ሞኝ! እህትማ አገር ሁሉ አለው። ያጠባኋት እናቷ ነኝ አትይም?»

«እርስዎ ራስዎ ይቆጡበት አልነበር?»

«ተቆጣሁ እንጂ አልጠባችም አልሁ? ያን ሁሉ የልጄን ልጅ ወተት ጠጥታ እንዲያው ልትቀር ነው? እኔም አብሬሽ እመጣለሁ!»

በእኛ አገር የጡት እናት እንደ ወለደች ናት። ከአንድ ጡት የጠቡ አይጋቡም፤ ያጠባች ስትሞት የጠባው ሐዘን ይቀመጣል። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። የገዛ እህቴን ማጥባት እንደ ሥራ ስላልታየኝ አፌ ላይ አልመጣም።

በቀጠሮው ቀን አማቴ ቀድመውኝ ተናገሩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እርስዎ አማቷ ነዎት፤ ምስክርነትዎ አይያዝም» አሏቸው።

«እንግዲያስ እሱን ጠይቁት! ዓይን አልነበረውም?»

ሽማግሌው ወደ እንጀራ አባቴ ዞሩ። «ከታቦቱ ደጅ ነህ። ይህች ሴት ልጅህን አጥብታለች ወይስ አላጠባችም?»

«አላጠባችም» ቢል የሚያስተባብለው ሌላ ሰው አልነበረም። የነጠላዬን ጫፍ እቋጥራለሁ፣ እፈታለሁ።

«አጥብታለች» አለ። «እሷ ባትኖር ሁለት መቃብር ነበር የማስቆፍረው።»

«ታዲያ ወይ ወተቷን መልስላት፣ ወይ ልጅቷን አሳያት!» አሉ አማቴ።

ሰዉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «ብትታመምብኝስ?» አለ።

ያ ጥያቄ የእኔም ነበር። «አባባ፣ እርስዎ ይዘዋት ይምጡ፤ እርስዎ ይዘዋት ይመለሱ። እኔ ቤት አብረዋት ይደሩ» አልሁት። ሽማግሌዎቹ ይህን ያዙና «በየዓመቱ ለሻደይ ትምጣ» ብለው ጨረሱ። ሻደይ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ልጃገረዶች ለምለሙን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው የሚጨፍሩበት በዓላችን ነው።

በመጀመሪያው ዓመት መጣች። ከአባቷ ኋላ ቆማ እንደ እንግዳ አየችኝ። ሣሩን ወገቧ ላይ ሳስርላት ትንፋሿን ይዛ ቆመች። ስትሄድ ዞራም አላየችኝ። «አየሽ? አላለቀሰችም» አለኝ አባቷ፣ ደስ ብሎት። «ተመስገን» አልሁ። ቤት ገብቼ ያለቀስሁት እኔ ነኝ።

በሁለተኛው ዓመት ከልጄ ጋር ተላመዱ፤ ከሰፈሩ ልጃገረዶች ጋር ጨፈረች፤ ከጎኔ ተኛች። ሊሄዱ ሲነሡ ቀሚሴን ያዘች፤ እንደ ድሮው። አባቷ አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ጣቶቿን አላቅቄ በቅሎዋ ላይ ያወጣኋት ራሴ ነኝ። ለቅሶዋ እስከ ማዶ ይሰማ ነበር።

የዚያ ዓመት ነገር አይነሣ። ታመመች ይሆን? ዳግመኛ አያመጣትም ይሆን? የነጋዴ ግመል ባየሁ ቁጥር እሮጣለሁ፤ ወሬ ያለው የለም። ነሐሴ ደርሶ ከበሮው ተመታ፤ የሰፈሩ ልጃገረዶች ሣራቸውን አስረው በየደጁ ዞሩ። እህቴና አባቷ አልመጡም። በማግስቱም አልመጡም። ዝናቡ ያለ ማቋረጥ ይዘንባል።

«ቁጭ በይ፤ ወለሉን ጨረስሽው» አሉ አማቴ።

«ወንዙ ይሆን ያስቀራቸው ወይስ እሱ?»

«ወንዝ ከሆነ ይጎድላል» አሉና እሳቱን ይቆሰቁሱ ጀመር።

ሌላ ቀን አለፈ። ከሰዓት በኋላ ከአጥሩ ውጭ ኮቴ ሰማሁ። በቅሎዋ እስከ ሆዷ ጭቃ ናት። እሱ እስከ ደረቱ ረጥቦ በእግሩ ይስባታል። እህቴ ከላይ ተቀምጣለች፤ ሣሩን ከመንገድ ቆርጣ፣ አጣማ፣ ራሷ ወገቧ ላይ አስራዋለች።

«የወንዙ ሙላት እስኪቀል ከዳር አደርን» አለኝ፣ ልጓሙን እየሰጠኝ። «እንመለስ ብላት አለቀሰችብኝ።»