ወንድሜ የጻፈው የመርከብ ታሪክ

ባለፈው ሳምንት ቴሌቪዥን አንድ አሮጌ የጦር መርከብ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ተጎትቶ በእሳት ሲቆራረጥ አሳየ። ልጄ ሳቅ ብላ "ከኛ ከመንዞቹ መርከብ ላይ የሠራ አለ?" አለችኝ።

"አጎትሽ ጌታነህ ሠርቷል" አልኳት።

ደርግ በወደቀ በአምስተኛው ወር፣ ጥቅምት ላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ሞላሌ አስተምራለሁ። ታላቅ ወንድሜ ጌታነህ በባሕር ኃይል ስምንት ዓመት ሞተር ክፍል ሠርቷል። ይሠራባት የነበረችው መርከብ ከአሰብ ሸሽታ የመን ከገባች በኋላ እንደምንም አገሩ ገባ፤ ከስቶና ጠቁሮ ቤት ከደረሰ ገና ወሩ ነው። በእጁ የነበረው አንድ ደብተር ብቻ ነው። መርከቧ ምጽዋ መልሕቅ የጣለችበትን፣ በባሕሩ ደሴቶች ላይ ለሰፈረው ጦር ስንቅ ያመላለሰችበትን፣ በመድፍ የተመታችበትን ቀን፣ የሞቱትንም ስም ጽፎበታል። የቀድሞ ወታደሮች ሁሉ ይመዝገቡ ተብሎ ስለነበር እናታችን "አቃጥለው፤ ያስበላሃል" እያለች ትለምነዋለች። እሱ ግን ጎተራው ውስጥ ገብስ ሥር ቀበረው። ውሻ በጮኸ ቁጥር ሦስታችንም በሩን እናያለን። የእሸት ወቅት ነበር፤ ማናችንም እሸት አላማረንም።

አንድ ቅዳሜ ከመርሐቤቴ አንድ ሽማግሌ መጡ። ቆላውን አቋርጠው፣ ገደሉን ወጥተው ነው የደረሱት፤ በስስ ነጠላ ይንቀጠቀጣሉ። እናቴ የሱፍ ባና ደርባላቸው ጠላ ቀዳችላቸው።

"ደምሴ እባላለሁ" አሉት ጌታነህን። "ልጄ ታደሰ እዚያች መርከብ ላይ ነበር። የመን ገብቷል ይሉኛል፣ ሞቷልም ይሉኛል። ታውቀዋለህ?"

ጌታነህ ቀና ሳይል "አላውቀውም አባቴ። ሰዉ ብዙ ነበር" አለ።

ሽማግሌው ጠላውን ሳይነኩ ተነሡ።

ሰላይ ናቸው ብሎ የፈራ መሰለኝ። እሱ ሲሸኛቸው የሟቾቹን ስም ላይ ጎተራው ጋ ሄጄ ደብተሩን አወጣሁ። የታደሰ ስም ነበር። "ሞተር ክፍሉ ውሃ ገባው። በሩ ካልተዘጋ ሁላችን እንሰጥማለን ተባለ። ታደሰ ውስጥ ነበር። የዘጋሁት እኔ ነኝ።"

ደብተሩን እንደነበረ መልሼ ቀበርኩት። ወንድሜ ስንት ነገር ይፈራ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ጌታነህ ሸኝቷቸው ከተመለሰ በኋላ ሮጬ ሽማግሌው ላይ ከከተማው ዳር፣ ጉሙ ውስጥ ደረስኩባቸው።

"አባባ፣ ይቁሙ! ታደሰ... መርከቧ ስትመታ ሞቷል።"

"ማን ነገረሽ?"

"እባክዎ አይጠይቁኝ።"

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። "ተሠቃየ?" አሉ።

"የለም" አልኩ።

"እግዚአብሔር ይስጥሽ። እናቱ ይመጣል ብላ በር አትዘጋም። አሁን ተዝካሩን እናወጣለን።"

ከዚያ ወዲያ ለሳምንታት እህል አልወርድ አለኝ፤ የነገርኩት ለማን እንደሚደርስ አላውቅም። ማንም አልመጣም። ጌታነህ ተመዝግቦ ጥቂት ወራት የቀድሞ ወታደሮች ማሠልጠኛ ቆየና ተመለሰ። ያን ጊዜ ደብተሩን ማየቴንና ለሽማግሌው መንገሬን ነገርኩት።

"በሩንም ነገርሻቸው?" አለኝ።

"አልነገርኳቸውም።"

በማግስቱ ደብተሩን በጋቢው ጠቅልሎ ብቻውን ወደ መርሐቤቴ ወረደ። በስድስተኛው ቀን ደብተሩን እዚያው ትቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ምን እንደተባባሉ እስኪሞት ድረስ አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁት። ግን ያን ዕለት ራት በላ፤ ጠግቦ ሲበላ ያየሁት ከመጣ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

አሁን እኔም የልጅ እናት ነኝ። ሽማግሌው "ተሠቃየ?" ሲሉኝ "የለም" ያልኩት አንዳንዴ ይመጣብኛል። ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ የምል ይመስለኛል፤ ያን ያህል ፈጥኜ ግን አልልም።