የተሰወረው ደብተራ ፍርድ

እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ፣ ከሰዓት ደግሞ ጨዋታ ነበረብኝ። ሁለቱም ያደክሙኛል፤ ከጨዋታው የምቀረው ግን ስታመም ብቻ ነው።

ጨዋታውን ያወቅነው ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ትቶልን ከሄደው መጽሐፍ ነው። አንዱ ዳኛ ሆኖ ታሪኩን ይተርካል፤ ሌሎቹ በሐሳባቸው የፈጠሩትን ሰው ይዘው ዋሻ ይገባሉ፣ ይዋጋሉ፣ ድግምት ይደግማሉ። ዕድላቸውን ከሉዶ የወሰድነው ዳይስ ይወስነዋል። ዳኛው እኔ ነበርኩ። ተጫዋቾቼ ደግሞ በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ አብራኝ የምትሠራ ባልደረባዬና መምህር ባሏ ነበሩ።

ችግሬ ባሏ ነው። መምህር ከመሆኑ በፊት የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ተምሯልና አንድ መስመር ሕግ ባነበብኩ ቁጥር «አንድም እንዲህ ነው፤ አንድም እንዲያ ነው» እያለ ያወርደዋል። በዚያ ትምህርት ሁለተኛው ፍቺ የመጀመሪያውን አይሽረውም፤ ሁለቱም ይቆማሉ። ጨዋታ ግን በሁለት ፍቺ አይሄድም። አንዲት በር ሳንከፍት ይመሻል። እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የከረምኩ ሰው ነኝ፤ ለመነጫነጭ ብዙ ምክንያት አልፈልግም።

የመጨረሻው ክርክራችን በመሰወር ድግምት ላይ ነበር። መጽሐፉ የተሰወረ ሰው ጠላቱን እስኪመታ ድረስ አይታይም ይላል። እሱ የፈጠረው ሰው ደብተራ ነበር፤ ተሰውሮ ከገደል አፋፍ ላይ ቋጥኝ ፈነቀለና በጠላቶቹ ላይ ለቀቀው። መታ ከተባለ ይታያል፤ ከታየ ቀስተኞቹ ይገድሉታል።

«አንድም እጁ አልነካቸውምና አልመታም፤ አንድም ቋጥኙን የፈነቀለው እጁ ነውና መትቷል» አለ፣ የሚሞተው የገዛ ሰውዬው መሆኑን የረሳ ይመስል።

ሚስቱ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ባሏ በማግስቱ ወደ አዲ አርቃይ ግንባር እንደሚዘምት ሦስታችንም እናውቃለን፤ በመሥሪያ ቤቱ ተመርጧል፣ እንቢ አይባልም። በዚያ ዋዜማ ደብተራውን መግደል አስጠላኝ።

«ሁለቱም ይቁም። ስትመለስ እንፈርዳለን» አልኩት።

«ሸጋ» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይከራከረኝ።

አልተመለሰም። አብረውት ከዘመቱት አንዱ ተማርኮ አየሁት አለ፤ ሌላው ወደ ሱዳን ተሻግሯል አለ። መሥሪያ ቤቱ «እየተጣራ ነው» ከማለት አላለፈም። መርዶ የሚነግራት የለ፣ የምሥራች የሚነግራት የለ። እሑድ እሑድ መምጣቷን ግን አልተወችም፤ ሻይ ጠጥተን ብዙም ሳናወራ እንለያያለን።

አንድ እሑድ «ደብተራውን ፍረድበት» አለችኝ።

«ምነው፣ ባለቤቱ ሳይኖር?»

«ፍረድ።»

መጽሐፉን አውጥቼ ሕጉን ደግሜ አነበብኩና የሚያጽናናትን ፍቺ መረጥኩ። «አልመታም። ስለዚህ አልታየም፤ በሕይወት አለ» አልኳት።

ፊቷ ጠቆረ።

«ሁሉም እንደዚሁ ነው የሚሉኝ» አለች። «አለ የሚሉት እነሱ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር የምነሣው እኔ። ደክሞኛል። አንድ ሰው እንኳ ሞቷል ይበለኝና ላልቅስ።»

መጽሐፉን ዘጋሁት። እውነቱን አላውቅም፤ የሚያውቅም ሰው አላገኘሁም።

«ሞቷል» አልኳት።

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና እዚያው ወንበሬ ላይ ሆና ስሙን እየጠራች አለቀሰች። እኔም ብቸኛ ለቀስተኛዋ ሆኜ አጠገቧ ተቀመጥኩ።