አከራዬ የመረጡት ሰው

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ያጎቴ ልጅ ደረጀ ከብረት ፍርግርጉ ኋላ አቆመኝ። ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ በዙሉ «ሳውቦና» ብለህ ሰላም በል፤ ገንዘቡን ሳትቀበል ዕቃ በቀዳዳው አታሳልፍ፤ በሩ ሁልጊዜ ከውስጥ ይቆለፍ አለኝ። ሱቁ ከጆሃንስበርግ ወደ ደቡብ፣ እኛ ሎኬሽን በምንለው የጥቁሮች ሰፈር፣ የአንዲት ባልቴት ጋራዥ ነበር። ዳቦ፣ የበቆሎ ዱቄትና የስልክ ካርድ እንሸጣለን። የምተኛው ከመደርደሪያው ጀርባ ነው።

ባልቴቷ ማማ ታንዲ ይባላሉ። ሌላው ደንበኛ ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» ሲለኝ እሳቸው ስሜን ጠይቀው ተስፋዬ ብለው ጠሩኝ። ደረጀ ሱቁን ትቶልኝ ሮዘተንቪል የሚባል የከተማው ሰፈር ከገባ በኋላ፣ ሲያመኝ ሾርባ የሚያመጡልኝ እሳቸው ነበሩ።

የአካባቢ ምርጫ ሲደርስ አንድ ተወዳዳሪ ሰፈሩ ሜዳ ላይ ቆሞ የውጭ ሰው ሱቆች ይዘጋሉ ብሎ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ማምጣት ቀነስኩ። መደርደሪያው ባዶ እንዳይመስል ዱቄቱን ወደ ፊት አውጥቼ ደረደርኩት። ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ቁልፉን እነካካለሁ።

አንድ ጠዋት ማማ ታንዲ የዚያ ሰው ፎቶ ያለበት ካናቴራ ለብሰው ዳቦ ሊገዙ መጡ። እሱን ነው የሚመርጡት ወይ አልኳቸው። አዎ አሉ። ሱቄን እዘጋለሁ ማለቱን አልሰሙም ወይ ስላቸው፣ ሰምቻለሁ አሉ። የባላቸው ጎሳ ልጅ ነው አሉ፤ ባላቸው ሲሞቱ መቃብር ላይ በቋንቋቸው የጸለየው የሱ አባት ነው። ሌላዋ ተወዳዳሪ ጎበዝ እንደሆነች ይሰማሉ፤ ግን የማን ልጅ እንደሆነች አያውቁም።

መናደዴን ከፊቴ አዩት።

«እናንተስ የነጋዴ ማኅበራችሁን ሊቀመንበር ስትመርጡ፣ አንተ ማንን መረጥክ?» አሉኝ።

«የአገሬን ልጅ። የሆሳዕና ልጅ ነው።»

«ምን እንደሚሠራላችሁ ጠይቀኸው ነበር?»

አልጠየቅኩትም። ዳቦውን በቀዳዳው አሳለፍኩላቸው።

ሰውየው አሸነፈ። ብዙ ሳይቆይ ወጣቶች አስከትሎ በየሱቁ መዞር ጀመረ። ከእኛ ዝቅ ብሎ የነበረው ያንድ ሐበሻ ሱቅ ሰውየው ወደ እኛ መንገድ በመጣ ዕለት ጠዋት ተዘጋ፤ አከራዩ ከቤቱ እንኳ አልወጣም። ወደ እኔ ሲመጡ ፈቃዴንና የመኖሪያ ወረቀቴን ይዤ ከውስጥ ቆሜያለሁ።

ማማ ታንዲ ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ። በዙሉ ነው የተናገሩት፤ በዚያ ጊዜ ቋንቋው ይገባኝ ነበር።

«ድምፄን ሰጥቼሃለሁ። ቤቴን ግን አልሰጠሁህም። ይሄ ተከራዬ ነው።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸውና ወረቀቴን በፍርግርጉ ተቀብሎ አየት አድርጎ መለሰልኝ። ወጣቶቹም ተከትለውት ሄዱ።

እኔ ላመሰግናቸው ስወጣ፣ በሚቀጥለውም ምርጫ እሱኑ እንደሚመርጡ ነገሩኝና ገቡ። ያን ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ዛሬ ወደዚህ ሥራ የሚገቡ ልጆች የትኛው ሰፈር ገበያ እንዳለው ይጠይቁኛል። ሱቅ ስትከራዩ ከገበያው በፊት አከራዩን እወቁ እላቸዋለሁ። ለማን ድምፅ እንደሚሰጥ አትጠይቁት፤ ያንን እንደ እኛው ሁሉ ዘሩና ቋንቋው ይወስኑለታል። በራችሁ ላይ የሚቆምላችሁ ሰው መሆኑን ግን አጣሩ።