የእህቴ ማሾ፣ የእናቴ ማንኪያ

ታናሽ እህቴ ከቢሮ ወደ ቤቷ ስትገባ ጫማዋን ከማውለቋ በፊት ማሾውን ትጥዳለች። አረንጓዴው ደቃቅ እህል ጠዋት ተለቅሞና ታጥቦ ድስቱ ውስጥ ተቀምጧል፤ ከእሷ የሚጠበቀው ውሃውን ከእህሉ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጎ እሳቱን መለኮስ ብቻ ነው። ልብሷን ቀይራ፣ የልጆቿን ደብተር አይታ፣ ሰግዳ ስትመለስ ማሾው ፈንድቶ ይጠብቃታል። በሌላ ድስት ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በዘይት ታቁላላለች፤ እርድ ትነሰንስበታለች፤ ቲማቲም ጨምራ እስኪሟሟ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ማሾውን ከነውሃው ትገለብጥበታለች። ቃሪያው የሚገባው ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው። በርበሬ የለበትም። የጨፋ ሸለቆ ገበሬ ማሾን የሚዘራው ለመሸጥ ነው፤ በኬሻ ወደ ከሚሴ ይመጣል፣ በመኪና ወደ ሌላ አገር ይሄዳል፣ ያበቀለው ሰው እምብዛም አይቀምሰውም። እህቴ ግን የባሏ ቤተሰቦች ከሚልኩላት ላይ ለራሷ ታስቀራለች። መዘፍዘፍ አይፈልግም፣ መፈተግ አይፈልግም፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ ስትሠራ ለዋለች ሴት ከዚህ የተሻለ እህል አላውቅም።

ማድነቅ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። የኖርኩበት ሙያ የሌሎችን ጽሑፍ አንብቦ ጉድለቱን ማሳየት ነበር፤ አድናቆት የሚባለውንም አብዛኛውን ጊዜ ከስንፍና ወይም ከልመና ለይቼ አላየውም። ስለ እህቴ የሥራ ቀን እራት የምጽፈው ጉድለት ፈልጌ ስላጣሁበት ነው።

ወደ ከሚሴ የተመለስኩት በሕግ የሦስተኛ ዲግሪ፣ በፈረሰ ትዳርና በሁለት ሻንጣ ነው። ዩኒቨርሲቲው ወንበሬን ለሌላ ሰጠ፤ ባለቤቴም እንዲሁ። በተመለስኩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እናቴ በቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ተንሸራትታ ቀኝ እጇን ሰበረች። እጇ በጀሶ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠለጠለ፤ ምግብ የማብሰሉም ተራ የእኔ ሆነ።

ምግብ ማብሰል ሆን ብዬ ያልተማርኩት ነገር ነው። በእኛ ጊዜ ሽንኩርት አሳምራ የምትከትፍ ሴት ልጅ ሌላ ነገር አትጠየቅም ነበር፤ እኔ ደግሞ ሌላ ነገር መጠየቅ ፈልጌ ነበር። ተጠየቅሁም። ሽሮዬ ግን ይጓጉላል፤ ምስሬ ወይ ጥሬ ነው ወይ ገንፎ። እናቴ ወቀሳ አልወጣትም። ማንኪያውን በግራ እጇ ይዛ አንድ ሁለቴ ትቀምስና «ጠግቤያለሁ ልጄ፣ አንሺው» ትለኛለች። ላጎርሳት ስሞክር ፊቷን ታዞራለች፤ «ሕፃን አይደለሁም» ትላለች። ነጠላዋ ከትከሻዋ መንሸራተት ጀመረ።

እህቴ የእናታችንን ቤት ደጅ ካልረገጠች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ከጨፋ ሰው አግብታ ሃይማኖቱን የተቀበለች ጊዜ እናቴ ሠርጉን አልበላችም። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ስትገናኛት ትስማታለች፤ የልጅ ልጆቿን አቅፋ ትመርቃለች፤ ከእህቴ እጅ ግን ውሃ እንኳን አትቀበልም። ነገሩ ሃይማኖት ቢሆን ኖሮ ይገባኝ ነበር። እናቴ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ከሙስሊም ጎረቤቶቿ ጋር የጾም ምግብ ስትቀባበል የኖረች ሴት ናት፤ የሰው ድስት ተጠይፋ አታውቅም። የተከለከለው የአንድ ሰው እጅ ብቻ ነበር። ቅጣት ነበር። እህቴ ይህንን ከእኔ በፊት ታውቀዋለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳህን እያጠበች ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ «እጄን ሳትቀምስ እንዳትሞትብኝ ነው የምፈራው» ብላኛለች።

ያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን የተገጣጠሙበት ነበር። አንድ አመሻሽ እህቴ ቤት ሄጄ ማፍጠሪያው እስኪደርስ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር።

«እማዬ ዛሬ ምን በላች?» አለችኝ።

«ሽሮ።»

«በላችው ወይስ አየችው?»

«አየችው።»

«ወላሂ ዶክተር፣ ያንቺን ሽሮ ማየትም ድፍረት ነው።» አልሳቀችም። ከቁም ሣጥኑ ባለ ሁለት ድርብ የምሳ ዕቃ አወጣችና በላይኛው ማሾ፣ በታችኛው ጎመን ሞላችበት። «ይህን ውሰጂ። እኔ ነኝ የሠራሁት በያት።»

«እኔ ማለት ማን?»

«አንቺ ነሻ! አንቺ ሠራሽው።»

«ካወቀችስ?»

«ካወቀች አትበላም። ካላወቀች ትበላለች። አሁን እንድትበላ ነው የምፈልገው፣ ሌላውን አላህ ያውቃል። አብሽሪ እታለም፣ ፍርድ ቤት አይደለም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሥራ ቀን ሥጋ ከድስቷ ወጣ። ባንድ ድስት ሁለት ጾም የምትመግብበት መንገድ ይህ ብቻ ነበር። ልጆቿ አጉረመረሙ፤ ባሏ ግን የመጀመሪያውን ቀን ሹርባ ጠጥቶ ሲጨርስ «ሥጋው የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ፣ ለማን እንደተደረገ ሲነገረው ሳህኑን ለሁለተኛ ጊዜ ዘረጋ። ያለ ሥጋ የሚሠራው ሹርባዋ አጃ፣ በደቃቁ የተከተፈ ካሮትና ድንች፣ ከላይ የድንብላል ቅጠልና ሎሚ ነው። ወፍራም እንዲሆን የምታደርገው በዱቄት አይደለም፤ ከድንቹ ግማሹን ፈጭታ መልሳ ትከተዋለች።

የሥራዋ ሥርዓት የሚጀምረው እሑድ ነው። ብዙ ሽንኩርት ከትፋ መጀመሪያ ያለ ዘይት ታቁላላለች፤ ውሃው ሲመጥ ዘይቱን ትጨምራለች፤ ከዚያ ለሁለት ከፍላ አንዱን በበርበሬ፣ ሌላውን በእርድ ታበስለዋለች። ሁለቱም ቁሌት በጠርሙስ ሆኖ ፍሪጅ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሳምንቱ ወጥ ሁሉ የግማሽ ሰዓት ጉዳይ ነው፤ ቀዩ ላይ ምስር ክክ ወይም ሽሮ፣ ቢጫው ላይ ድንችና ጥቅል ጎመን። መብራት በሚጠፋበት ቀን ተራው የሱፍ ፍትፍት ነው። ሱፉን ቀድማ አምሳ አስፈጭታዋለች፤ በውሃ በጥብጣ ስታጠልለው ወተት መስሎ ይወርዳል፤ የማሽላ እንጀራ ቆራርሳ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ከትፋ፣ ሎሚ ጨምቃ ትፈተፍተዋለች። እሳት የሚባል አይነካውም። እሷ ስለዚህ ሁሉ እንደ ሙያ አታወራም። ሌላ ሰው በሚያማርርበት ሰዓት እሷ ቀድማ አስባ ጨርሳለች፤ ይህን ዓይነት አእምሮ በፕሮፌሰሮች መካከል ፈልጌ ጥቂት ነው ያገኘሁት።

የእኔ ድርሻ ማመላለስና መዋሸት ነበር። ምሳ ዕቃውን በቦርሳዬ ከወረቀቶች ሥር ደብቄ በባጃጅ አስፋልቱን ተሻግሬ እናቴ ቤት እገባለሁ። እሷ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ወደ ኩሽና ገብቼ ግማሽ ሽንኩርት እከትፍና ሽታው እንዲወጣ ዘይት ላይ እጥለዋለሁ፤ ድስቱን በማማሰያ አንኳኳለሁ፤ የእህቴን ምግብ አሙቄ በእናቴ ሳህን አቀርባለሁ። የመጀመሪያውን ቀን እናቴ ሳህኑን ጨረሰች። ማንኪያውን ባዶው ሳህን ላይ አስቀመጠችው።

«እጅሽ ተፈታ» አለችኝ።

በሕይወቴ ካገኘኋቸው ምስጋናዎች ሁሉ ያለ ምንም ቅሬታ የተሰጠኝ ይህ ብቻ ነበር፤ የእኔ ግን አልነበረም።

በማግስቱ ጠየቀችኝ። «ያ አረንጓዴው ነገር ምንድን ነው?»

«ማሾ።»

«የጨፋው?»

«አዎ።»

«እነሱም ይበሉታል እንዴ?» አለችና መልሴን ሳትጠብቅ ጎረሰች።

ቀናት ባለፉ ቁጥር አስተያየቷ በዛ። ነገ ዝንጅብሉን ቀነስ አድርጊው። ጎመኑ ይሻል ነበር፣ ትንሽ ቢቆይ። ያ ነጩ ፍትፍት ሳይሠራ ከረመ። ሁሉንም ለእህቴ አደርሳለሁ።

«ዝንጅብል በዛ አለች?» እህቴ ማማሰያዋን ይዛ ዞረች። «ለማን ነው ያለችው?»

«ለእኔ።»

«ለአንቺ!» ብላ ግድግዳ እስክትደገፍ ድረስ ሳቀች። «አንቺ እኮ ዝንጅብልና እርድ ከነልጣጩ ብሰጥሽ አትለዪም። እናታችን ይህን አታውቅም ብለሽ ነው? በያት፣ ዝንጅብሉ ለሆድ ይስማማል፤ ለአሮጊት ደግሞ በተለይ።»

«አሮጊት አልላትም።»

«እንግዲያው ለሆድ ብቻ በያት።»

አልኳት። እናቴ ጀሶዋን እያሻሸች «ትመልስልኛለች ደግሞ» አለች። «ትመልሺልኛለሽ» እንዳላለችኝ ሰምቻለሁ። እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

በእነዚያ ሳምንታት እህቴን ያስከፋት አንድ ነገር ብቻ ነበር። በከሚሴ፣ ሙስሊሙም ሆነ ክርስቲያኑ፣ ምግብ የመጣበትን ዕቃ ባዶውን የሚመልስ የለም። ቆሎ ይሆናል፣ ሎሚ ይሆናል፣ እፍኝ ጨው ይሆናል፤ ብቻ አንድ ነገር ይገባበታል። እኔ ግን በየቀኑ የታጠበ ባዶ ምሳ ዕቃ ነበር የማስረክባት።

«ዛሬም ባዶ?» ትለኛለች ክዳኑን ከፍታ።

«የማታውቀውን ዕቃ እንዴት ትሞላዋለች?» እላታለሁ።

«ልክ ነሽ» ትላለች። ግን ነገም ክዳኑን ትከፍታለች።

ረመዳን ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ቀን እናቴን አብልቼ ቦርሳዬን ሳነሣ ጠራችኝ።

«ዕቃውን ወዲህ በዪ።»

«የምን ዕቃ?»

«ከወረቀትሽ ሥር ያለውን።»

አወጣሁት። ከጎኗ የነበረውን ፌስታል በግራ እጇ ወደ እኔ ገፋችው። ገበያ ልካ ያስገዛችው ተምር ነበር፤ ለስላሳውን ለብቻ፣ ደረቁን ለብቻ ለይታዋለች። ለስላሳውን እያነሣች አንድ በአንድ ምሳ ዕቃው ውስጥ መደርደር ጀመረች። ልረዳት እጄን ስዘረጋ መታችኝ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ባዶ ዕቃ ከቤቴ ታወጪያለሽ? ሰው ምን ይለኛል?»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሽንኩርት አሳርረሽ ማሾ የምታወጪ አንቺ ነሽ?» ክዳኑን በክንዷ ተጭና ዘጋችው። «ድረሺ፣ ሊያፈጥሩ ነው።»

ባለ ባጃጁን አጣድፌ ደረስኩ። እህቴ እንደ ልማዷ ክዳኑን ከፈተች፤ ከዚያ ዘጋችው፤ እንደገና ከፈተችው። አዛን ሲሰማ ገበታው ላይ ሌላ ተምር ነበር፤ እሷ ከምሳ ዕቃው አንድ አነሣች፣ ቢስሚላህ ብላ ጎረሰች፣ ፍሬውን በመዳፏ ጨብጣ ቆየች።

«ንገሪያት...» ብላ ጀመረች።

«ከእንግዲህ አልላላክም» አልኳት።

በማግስቱ ከቢሮ ቀጥታ መጣች። ማሾውን ሌሊት ሠርታዋለች፤ ድስቱን በፎጣ ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከባጃጅ ስትወርድ እናቴ ከበረንዳው አይታታለች።

«ቤቶች!» አለች እህቴ ከበሩ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማለት ማን?»

«ዝንጅብል የማበዛው።»

እናቴ የተንሸራተተ ነጠላዋን በግራ እጇ ወደ ትከሻዋ መለሰች። «ግቢ እንግዲህ። ይቀዘቅዛል።»

በረንዳው ላይ አንድ ትሪ ዘረጋሁ። አዛኑ እስኪሰማ ሁለቱ ስለ ማሾ ዋጋና ስለ ልጆቹ ትምህርት አወሩ፤ ስለ ሌላ ነገር አላወሩም፣ እኔም አልጠበቅሁም። እህቴ በተምርና በውሃ አፈጠረች። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አነሣችና በእናቴ ግራ እጅ ላይ ውሃ አፈሰሰች፤ እናቴም እጇን አልሰበሰበችም። እኔ በልማዴ ማንኪያውን አቀረብኩ። እናቴ ማንኪያውን ወደ ትሪው ጠርዝ ገፋችው።

እህቴ እንጀራ ቆረሰች፣ ማሾውን አነስ አድርጋ ጠቀለለች፣ ጉርሻውን ዘረጋችላት። እናቴ አፏን ከፍታ ተቀበለቻት፤ ሳትቸኩል አላምጣ ዋጠች።

«ጨው አነሰው» አለች፤ ሁለተኛውን ለመቀበልም አፏን ከፈተች።

ጨው አላነሰውም ነበር፤ ቀምሼዋለሁ። ቢሆንም ተነሥቼ አመጣሁ።